ፍጥነትን ከልኩ ጋራ ስለ ማስማማት

የጭነት በቅሎ የምትችለው ጭነት የታወቀ ነው፤ ይሁን እንጂ ባለ በቅሎው ጥቂት ብጨምርባት ምን ትሆናለች ብሎ ማሰቡን አይተውም። ሰው በእጁ በሠራው መሣሪያም ላይ ይኸው አሳብ ይመጣበታል፤ አሳቡም ሁል ጊዜ ክፉ አይደለም፤ ብዙ ብልሃት የተገኘው ከርሱ ነውና። ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ልንጽፍ ያሰብነው፥ በብዙ ቤት ጠረጴዛ ላይ ስለሚገኘው ስለ ኮምፒዩተርና አንጎሉ ስለ ሆነው ስለ ፕሮሰሰሩ ነው። ፕሮሰሰሩን ሠሪው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ማስኬድ ይቻላል፤ ለዚህም የሚበቃውን የኤሌክትሪክ ግፊት፥ ቮልቴጅ የሚባለውን፥ በልኩ ማግኘት ያስፈልጋል። ጐልማሶች ይህን ሥራ ኦቨርክሎክ ይሉታል።

ክቡራን አንባቢዎቻችን፥ ይህ ነገር የልጆች ጨዋታ ነው ብላችሁ ገጹን እንዳትገለብጡት እንለምናለን። ዛሬ የቤተ ሰብ ፎቶግራፍ፥ የልጆች ትምህርት፥ የቤት ሒሳብ፥ የእድር መዝገብ ሳይቀር በዚህ መኪና ውስጥ ይቀመጣል። ስለዚህ መኪናው በፍጥነት መሥራቱ ብቻ ሳይሆን በእውነት መሥራቱ የቤት ጉዳይ ሆኗል። እኛ ሥራችን የፍርድ ቤት ጽሕፈት ነው እንጂ የመኪና ሊቃውንት አይደለንም፤ ነገር ግን በቤታችን የተፈተነውንና የታየውን ለሌላው ቤት ይጠቅም ዘንድ እንጽፋለን። በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ፕሮሰሰር ማለት የአውራ ጣት ጥፍር በሚያህል በአንድ ቁራጭ ሲሊከን ላይ የተሠራ ነው። በዚያች ጠባብ ቦታ እንደ በር የሚከፈቱና የሚዘጉ እጅግ ብዙ ትራንዚስተሮች አሉ፤ ከዚህ በታች በምንናገርለት ፕሮሰሰር ውስጥ ያሉት ወደ አንድ ቢሊዮን ይጠጋሉ። ሁሉም የሚሠሩት በአንድ የጊዜ ምት ተመርተው ነው። ምቱ በአንዲት ሴኮንድ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ሲመታ 1 ሜጋኸርትዝ፥ አንድ ቢሊዮን ጊዜ ሲመታ 1 ጊጋኸርትዝ ይባላል።

በማኅሌት የቆመ ሰው ይህን በቀላሉ ያስተውለዋል። ከበሮው ሲመታ መቋሚያው ይነሣል፥ እግርም ይረግጣል። ከበሮው በቀስታ ሲሄድ ሁሉም ይደርስበታል፤ ወደ ጽፋት ሲፈጥን ግን ያልሠለጠነው ወደ ኋላ ይቀራል። በፕሮሰሰሩም ውስጥ እያንዳንዱ የኤሌክትሪክ ምልክት ከአንዱ ምት እስከ ሁለተኛው ምት ድረስ መንገዱን ጨርሶ ስፍራውን መያዝ አለበት። ሳይደርስ ምቱ የቀደመው እንደ ሆነ፥ 1 መሆን የሚገባው 0 ሆኖ ይጻፋል። የፕሮሰሰር ስሕተት ማለት ይህ ነው።

ቮልቴጁን ከፍ ማድረግ የሚጠቅመው በዚህ ነው። ቮልቴጁ ሲጨመር ትራንዚስተሮቹ ቶሎ ይከፈታሉ፥ ቶሎም ይዘጋሉ፤ ምልክቱም ከምቱ አስቀድሞ ይደርሳል። ዳሩ ግን ዋጋ ያስከፍላል። በሥራ ላይ ያለ ፕሮሰሰር የሚፈጀው ኃይል ከፍጥነቱ ጋራ እኩል ያድጋል፤ ከቮልቴጁ ጋራ ግን የሚያድገው በቮልቴጁ ካሬ ነው። ይኸውም ፍጥነቱ በመቶ 10 ቢጨመር ኃይሉ በመቶ 10 ይጨምራል፤ ቮልቴጁ በመቶ 10 ቢጨመር ግን ኃይሉ በመቶ 21 ይጨምራል ማለት ነው። የተፈጀውም ኃይል ሁሉ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ሙቀት ሲበዛ ደግሞ ኤሌክትሪኩ ከተዘጋው በር ሥር እየሾለከ በከንቱ ይባክናል፥ ሥራውም ይታወካል፤ ያን ጊዜ ሰውየው ቮልቴጅ ልጨምር ይላል፤ የጨመረው ቮልቴጅ ሙቀት ይወልዳል፤ ሙቀቱም እንደ ገና ቮልቴጅ ይጠይቃል። የብድር ወለድ በብድር እንደሚከፍል ሰው መሆን ነው።

ሠሪው የወሰነው ፍጥነት እያለ ትርፍ ፍጥነት ከየት ይገኛል የሚል ይኖራል። ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ቀን የወጡ ፕሮሰሰሮች እንደ አንድ እናት ልጆች ናቸው፤ መልካቸው ይመሳሰላል፥ ብርታታቸው ግን ይለያያል። ሠሪው ፈትኖ በየማዕረጋቸው ይመድባቸዋል። በአንድ ማዕረግም ውስጥ ፍጥነቱን የሚወስነው ብርቱው በሚችለው ሳይሆን ደካማው፥ በሞቃት ክፍል፥ ለብዙ ዓመት ሳይሳሳት ሊሠራው በሚችለው ነው። ስለዚህ ብርቱው ፕሮሰሰር ያልተጠቀሙበት ጉልበት ይዞ ወደ ገዢው ቤት ይገባል።

ለዚህ የታወቀው ምሳሌ ኢንቴል በ1998 ያወጣው ሴሌሮን 300ኤ ነው። ይህ ፕሮሰሰር በ300 ሜጋኸርትዝ እንዲሠራ የተሸጠ ርካሽ ዕቃ ነበር፤ ፍጥነቱም 66 ሜጋኸርትዝ የሆነው የመነሻ ምት በ4 ተኩል ተባዝቶ የሚገኝ ነው። የመነሻውን ምት ወደ 100 ከፍ ያደረጉ ሰዎች በዚያው ማባዣ 450 ሜጋኸርትዝ አገኙ፤ ብዙዎቹም ፕሮሰሰሮች ይህን ያለ ብዙ ችግር ቻሉት። እንዲህ ያለው ትርፍ መኖሩ ሲታወቅ ግን አታላዮችም ተነሡ። በዚያ ዘመን አንዳንድ ነጋዴዎች በዝግተኛው ፕሮሰሰር ላይ ያለውን ጽሕፈት ፍቀው የፈጣኑን ስም እየጻፉበት ይሸጡ ነበር። ሐሰተኛ ሰነድ ያየ የፍርድ ቤት ሰው ይህ ለርሱ አዲስ ነገር አይሆንበትም። ሠሪዎች የፍጥነቱን ማባዣ እንዲቆልፉ ካደረጓቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ማታለል ነው።

ፍጥነት ያለ ወሰን ያድጋል የተባለበት ጊዜም ነበር። ሮበርት ዴናርድና ባልንጀሮቹ በ1974 እንዳስረዱት፥ ትራንዚስተሩ እያነሰ ሲሄድ ቮልቴጁም አብሮት ቢቀንስ ፍጥነቱ ያድጋል፤ በስፋቱ ልክ የሚወጣው ሙቀት ግን አይጨምርም። ይህ ሕግ ለ30 ዓመት ያህል አገለገለ። ከዚያ በኋላ ቮልቴጁ እንደ ቀድሞው ሊቀንስ እንቢ አለ። ኢንቴል በ2004 ፔንቲየም 4 የተባለውን ፕሮሰሰር እስከ 3.8 ጊጋኸርትዝ አደረሰው፤ በ4 ጊጋኸርትዝ ሊያወጣ ያሰበውን ግን በዚያው ዓመት ተወው። ሠሪው ራሱ በሙቀት ምክንያት ከቆመበት ወሰን አልፎ መሄድ የሚፈልግ የቤት ልጅ እንግዲህ አስቦ መሄድ እንዳለበት ከዚህ ይታያል።

አሁን ወደ ቤታችን ነገር እንመለስ። በቤታችን ያለውን ኮምፒዩተር ያመጣልን በአሜሪካ አገር የሚኖር የእኅታችን ልጅ ነው፤ እርሱ አዲስ ሲገዛ አሮጌውን በሻንጣ ይዞልን መጣ። በውስጡ ያለው ኮር አይ5-2500ኬ የተባለ በ2011 የወጣ ፕሮሰሰር ነው። አራት ልብ አለው፤ የተወሰነለት ፍጥነት 3.3 ጊጋኸርትዝ ሲሆን፥ አራቱም ልቦች አብረው ሲሠሩ 3.4 ይደርሳል። በስሙ መጨረሻ ያለችው ኬ የምትባለው ፊደል ማባዣው ያልተቆለፈ መሆኑን ታመለክታለች። የመነሻው ምት 100 ሜጋኸርትዝ ስለ ሆነ፥ ማባዣው 42 ቢደረግ 4.2 ጊጋኸርትዝ ይገኛል ማለት ነው።

ልጃችን የሕንፃ ንድፍ ተማሪ ነው። ንድፉን ጨርሶ ቤቱ ተሠርቶ ቢቆም ምን እንደሚመስል በሥዕል ለማውጣት ሲፈልግ፥ ኮምፒዩተሩ ለአንድ ሥዕል 5 ሰዓት ይፈጅበት ነበር። አዲስ ኮምፒዩተር መግዛት ለደመወዝተኛ ቤት ቀላል አይደለም። ስለዚህ ፍጥነት መጨመር መፈለጉ ከቅንጦት የመጣ አልነበረም። እኛ ለሥራ ከከተማ ውጭ በነበርንበት ሳምንት፥ ሌሎች አድርሰውታል ሲባል የሰማውን ይዞ ማባዣውን 46 አደረገው፤ ቮልቴጁንም 1.30 ላይ አቆመው። ኮምፒዩተሩም ያለ ችግር ተነሣ። ሦስት ቀን ሙሉ ፊልም አሳየ፥ ደብዳቤ ጻፈ፥ ሥዕል ሣለ፤ አንድ ጊዜ እንኳ አልቆመም። ልጃችንም ፈተናውን ያለፈ መሰለው።

በነዚያ ቀኖች ባለቤታችን የሟች አባቷን ፎቶግራፎች ለወንድሞቿ ልትልክ አሰበች። ከአሮጌ ወረቀት ላይ እየተነሡ ወደ ኮምፒዩተር የገቡ ከ1,000 በላይ ሥዕሎች ናቸው፤ ከወረቀቶቹም ብዙዎቹ ዛሬ የሉም። ልጃችን ሁሉንም ጨምቆ በአንድ ጥቅል ካሰረላት በኋላ ቦታ ለማስለቀቅ ዋነኞቹን ሊደመስስ ሲል፥ "ቈይ ልጄ፤ እኔ ከፍቼ ሳላየው አንድም አይደመሰስም" አለችው። "እማዬ፥ ተጠናቋል እኮ ብሎኛል" ቢላት፥ "እሱ ተጠናቋል ቢልም እኔ ልየው" አለች። ጥቅሉ ሲከፈት ከመካከሉ ላይ ተበላሽቷል የሚል ቃል ወጣ። እንደ ገና ታሰረ፤ አሁንም ተበላሸ፤ ነገር ግን የተበላሸው በሌላ ቦታ ነበር።

ይህ ልዩነት ምሥጢሩን ገለጠ። ጥፋቱ የማስቀመጫው ዲስክ ቢሆን ኖሮ ብዙውን ጊዜ በዚያው ቦታ በተገኘ ነበር፤ በየጊዜው ቦታ የሚለውጥ ስሕተት ግን የስሌት ስሕተትን ያስጠረጥራል። ልጃችን ፍጥነቱን ወደ ተወሰነለት መልሶ ሥራውን እንደ ገና ሲሠራው ጥቅሉ ሙሉ ሆኖ ተከፈተ። ፕሮሰሰሩ ነውር አልነበረበትም፤ ከአቅሙ በላይ ሥራ ከአቅሙ በታች በሆነ ቮልቴጅ ታዝዞ ነበር እንጂ።

ከሥራ መልስ ይህን ሲነግሩን የራሳችን ሙያ ትዝ አለን። በፍርድ ቤት ውሳኔ ሲገለበጥ ወረቀት ቢቀደድ ወይም ቀለም ቢፈስ ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ሁሉ ያየዋልና ተመልሶ ይጻፋል። የሚያስፈራው "ይክፈል" የሚለው ቃል አንዲት "አ" ተጨምራበት "አይክፈል" ሆኖ የተገለበጠ እንደ ሆነ ነው። ወረቀቱ ንጹሕ ነው፥ ማኅተሙ በስፍራው ነው፥ ፍርዱ ግን ተገልብጧል። ኮምፒዩተርም እንዲሁ ነው። በድንገት የሚቆም፥ ሰማያዊ ገጽ አሳይቶ የሚጠፋ ኮምፒዩተር ጥፋቱን በራሱ አንደበት መናዘዙ ነው። ሳይቆም እየሠራ የሚሳሳተው ግን ሐሰተኛ ምስክር ነው፤ ሰው እስኪያጣራው ድረስም ይታመናል።

ስለዚህ ልጃችንን ከሥራው አልከለከልነውም፤ ነገር ግን በመዝገብ እንዲሆን አዘዝነው። አንድ ደብተር ተገዛ። በያንዳንዱ መስመር ቀኑ፥ ማባዣው፥ በሥራ ጊዜ የተነበበው ቮልቴጅ፥ ከፍተኛው ሙቀት፥ ፈተናው የቈየበት ጊዜና ውጤቱ እንዲጻፍ ተደረገ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን የሒሳብና የተፈጥሮ ዕውቀት መምህራችን፥ በአንድ ፈተና አንድ ነገር ብቻ ለውጥ፤ ሁለት ከለወጥህ የትኛው እንደ ሠራ አታውቅም የሚል ትእዛዝ ነበራቸው። ይህም በደብተሩ መጀመሪያ ገጽ ተጻፈ።

ለምስክርነት የመረጥነው ፕራይም95 የተባለውን ፕሮግራም ነው። ይህ ፕሮግራም ጆርጅ ዎልትማን በ1996 ላቋቋመው ማኅበር ሥራ የተዘጋጀ ነው፤ ማኅበሩም በዓለም ዙሪያ ባሉ ኮምፒዩተሮች ታላላቅ ዋነኛ ቍጥሮችን፥ ከ1ና ከራሳቸው በቀር በሌላ የማይካፈሉትን፥ ይፈልጋል። በ2024 የተገኘው 41,024,320 አኃዝ ያለው ነው። እንዲህ ባለ ረጅም ስሌት ውስጥ አንዲት ስሕተት የብዙ ቀን ድካም ታጠፋለችና፥ ፕሮግራሙ ስሌቱን እያጣራ እንዲሄድ ተደርጎ ተሠራ። ስለዚህ ለፕሮሰሰር ፈተናም ዋለ፤ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ስሌት ለአራቱም ልቦች ይሰጥና፥ የመጣው መልስ ከታወቀው ጋራ ይተያያል። አንዱ ልብ የተሳሳተ እንደ ሆነ፥ የማጠጋጋቱ ስሕተት 0.5 ሆኗል፤ ከ0.4 ማነስ ነበረበት የሚል ቃል ጽፎ ያንን ልብ ያቆመዋል።

በንባብ ቤት የተማረ ሰው ይህን ዘዴ ያውቀዋል። ልጅ ዳዊቱን በቃሉ ይዞ እንደ ውሃ ሲያወርደው ሰሚው ያደንቃል፤ የኔታ ግን ፍጥነቱን አይተው ዝም አይሉም፤ ከመካከል አንድ ቦታ በጣታቸው ነክተው ከዚህ ጀምር ይላሉ። ያን ጊዜ በሩጫው ውስጥ የተዋጠው ቃል ይወጣል። ከግእዝ ወደ ውርድ ንባብ፥ ከውርድ ንባብም ወደ ቁም ንባብ የሚታለፈው በዚህ ዓይነት ተፈትኖ ነው።

የደብተሩ ውጤት እንዲህ ሆነ። ማባዣው 42 ሆኖ፥ ፍጥነቱም 4.2 ጊጋኸርትዝ ሆኖ፥ በ1.20 ቮልት አንደኛው ልብ በ4 ደቂቃ ተሳሳተ። በ1.22 ስሕተቱ የታየው ከ50 ደቂቃ በኋላ ነው። በ1.24 ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ሲሠራ አመሸ፤ ልጃችንም ተገኘ ብሎ ተኛ፤ ሲነጋ ግን ሦስተኛው ልብ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ መቆሙ ተጽፎ ተገኘ። ሰባት ሰዓት እውነት ተናግሮ በስምንተኛው የሚያስት ምስክር ማለት ይህ ነው። በ1.25 በተጀመረው ሌሊት መብራት ጠፋና ፈተናው ተቋረጠ፤ ያልተፈጸመ ፈተና በመዝገብ አይገባምና ሌሎች ሁለት ሌሊቶች ተደገሙ፤ ሁለቱንም ያለ ስሕተት አነጋቸው። ከዚያ በኋላ የበጋው ሙቀትና የዕቃው እርጅና ታስቦ ጥቂት ትርፍ ተጨመረለትና 1.26 ላይ ቆመ። በመጨረሻም ማስታወሻው፥ ሜሞሪ የሚሉት፥ ለብቻው ተፈተነ፤ እርሱ የታወከ እንደ ሆነ የፕሮሰሰሩ ደኅንነት ብቻውን አይበቃምና።

በሥራ ጊዜ የተነበበው ቮልቴጅ ያልነው በምክንያት ነው። በባዮስ ገጽ የሚጻፈው ቮልቴጅና ፕሮሰሰሩ በርትቶ ሲሠራ የሚደርሰው ቮልቴጅ አንድ አይደሉም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲለኰስ የሳሎኑ አምፑል ደከም እንደሚል፥ አራቱ ልቦች በአንድ ጊዜ ሥራ ሲጀምሩ ቮልቴጁ ጥቂት ዝቅ ይላል። ይህን ዝቅታ የሚያቃና ምርጫ በማዘርቦርዱ ላይ አለ፤ ነገር ግን ከመጠን በላይ ያቃኑት እንደ ሆነ፥ ፕሮሰሰሩ ሥራውን በድንገት በሚያቆምበት ቅጽበት ቮልቴጁ ከታዘዘው በላይ ይዘላል። ስለዚህ መካከለኛው ተመረጠ። ደግሞም ሙከራው በዝቶበት ኮምፒዩተሩ አልነሣ ያለ ሰው አይደንግጥ፤ በማዘርቦርዱ ላይ ወደ ፋብሪካው ሥርዐት የሚመልሰው ብልሃት አለ፤ ይህም በዕቃው መመሪያ ላይ ተጽፎ ይገኛል።

በከተማችን አንድ ተጨማሪ ነገር ማሰብ ይገባል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ያለች ናት፤ በዚህም ምክንያት አየሯ ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ፕሮሰሰሩን የሚያቀዘቅዘው ፋን የሚገፋው አየር ከሳሳ፥ የሚሸከመውም ሙቀት ያንሳል። የክፍላችን ብርድ ጥቂት ይረዳል፤ ነገር ግን በቈላ ባሕር ዳርቻ የሚኖር ሰው የጻፈውን የሙቀት መጠን እንዳለ ወስዶ ለራስ ማድረግ አይገባም። አቧራውም እንደዚሁ ነው። ከፈተናው በፊት አሮጌው የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት ተጠርጎ አዲስ ተቀባ፥ በፋኑ ላይ የተከመረውም አቧራ ተራገፈ፤ በዚህ ብቻ 9 ዲግሪ ቀነሰ።

የልጃችን ልብ ግን በ4.2 አልረካም። በደብተሩ ላይ 4.5 ጊጋኸርትዝ በ1.38 ቮልት ሌሊቱን ያለ ስሕተት ማንጋቱን አሳይቶ፥ "አባባ፥ ይኸውም ፈተናውን አልፏል፤ ይፍቀዱልኝ" አለን። እውነት ነው፥ አልፏል። እኛም፥ "ልጄ፥ ዋጋውን አስላና አሳየን" አልነው። ወረቀት አምጥቶ አሰላ። በፋብሪካው ሥርዐት 3.4 ጊጋኸርትዝ በ1.20 ቮልት ነበረ። ከዚያ ወደ 4.2 በ1.26 ሲሄድ ፍጥነቱ በመቶ 24፥ ኃይሉ በመቶ 36 ይጨምራል። ወደ 4.5 በ1.38 ሲሄድ ግን ፍጥነቱ በመቶ 32፥ ኃይሉ በመቶ 75 ይጨምራል። በፈተናው ጊዜም የመጀመሪያው 66 ዲግሪ፥ ሁለተኛው 84 ዲግሪ ደርሶ ነበር። 5 ሰዓት የሚፈጀው ሥዕል በ4.2 ወደ 4 ሰዓት ከ3 ደቂቃ፥ በ4.5 ደግሞ ወደ 3 ሰዓት ከ47 ደቂቃ ይወርዳል። ልጃችን ሁለቱን ቍጥሮች ለጥቂት ጊዜ ሲመለከት ቈየና፥ "ይህ ሁሉ ሙቀት ለ16 ደቂቃ ነው?" አለ። ከዚያ በኋላ እኛ የጨመርነው ቃል የለም።

ስለ ቮልቴጅ ብዛት ግን ለአንባቢ መንገር የሚገባን ሌላ ነገር አለ። የሙቀት ጉዳት ይታያል፤ ሙቀቱ ከወሰኑ ሲያልፍ ፕሮሰሰሩ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል፥ ባይበቃም ይጠፋል። የቮልቴጅ ብዛት ጉዳት ግን ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። በነዚያ ከፀጕር እጅግ በቀጠኑ ሽቦዎች ውስጥ የሚሮጠው ኤሌክትሪክ የብረቱን ቅንጣት ጥቂት በጥቂት እየገፋ ያነሣዋል፤ የትራንዚስተሩም መከላከያ ቈዳ ይሳሳል። ዛሬ በ1.26 የሚሠራው ፕሮሰሰር ከዓመት በኋላ 1.28 ካልሰጡኝ ማለት ይጀምራል። በ2024 ኢንቴል በ13ኛውና በ14ኛው ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮቹ ላይ የታየው የመታወክ ችግር ከሚገባው በላይ በሆነ ቮልቴጅ የመጣ መሆኑን ራሱ አስታውቆ፥ ማረሚያ አወጣ፤ የዋስትናውንም ጊዜ በሁለት ዓመት አራዘመ። ማረሚያው ያልተጐዳውን ይጠብቃል፤ የተጐዳውን ግን ሊያድነው አይችልም። እንግዲህ የዕቃው ሠሪ እንኳ በቮልቴጅ ነገር የሚቸገር ከሆነ፥ የቤት ሰው ሌላው ያደረሰበትን ቍጥር ከወሬ ሰምቶ በራሱ ዕቃ ላይ መጻፍ አይገባውም። የአንዱ ፕሮሰሰር ልክ ለሌላው ልክ አይደለምና።

ልጃቸው እንዲህ ያለ ሥራ ሲሠራ ያገኙ ወላጆች አትንካ ብለው ብቻ እንዳይተዉት እንመክራለን። የተከለከለ ልጅ ወላጆቹ በሌሉበት ሰዓት ይሠራዋል፤ ያን ጊዜም ደብተር አይኖረውም። ይልቅስ ሦስት ነገር ይጠይቁት። አንደኛ፥ ከመጀመሩ በፊት በቤቱ ያለው የማይተካ ነገር ሁሉ፥ ፎቶግራፉም መዝገቡም፥ ከዚያ ኮምፒዩተር ውጭ በሌላ ቦታ ተገልብጦ ይቀመጥ፤ ግልባጩም ተከፍቶ ይታይ። ሁለተኛ፥ ይሠራል የሚለውን ቃሉን ሳይሆን የሌሊቱን ፈተና ያሳይ። ሦስተኛ፥ ሊደርስበት ከሚችለው ጫፍ ጥቂት ወደ ኋላ መለስ ብሎ ይቁም፤ ጫፍ ላይ የቆመ ነገር ሁሉ በትንሽ ነፋስ ይወድቃልና።

በቤታችን ያለው ኮምፒዩተር ዛሬም በ4.2 ጊጋኸርትዝ ይሠራል። ማባዣው፥ ቮልቴጁና የተፈተነበት ቀን በትንሽ ወረቀት ተጽፎ፥ የልጃችን ፊርማ ኖሮበት፥ በሣጥኑ ክዳን ውስጥ ተለጥፏል፤ ወደ ፊት የሚከፍተው ሰው ማን ምን እንዳደረገ ያውቅ ዘንድ። በየስድስት ወሩ አንድ ሌሊት እንደ ገና ይፈተናል፤ ደብተሩም መስመር ይጨመርለታል። የአያቱ ፎቶግራፎችም ለአጎቶቹ ሙሉ ሆነው ደርሰዋል። ባለቤታችን ግን ልማዷን አልተወችም፤ ኮምፒዩተሩ ተጠናቋል ባላት ቍጥር መነጽሯን አድርጋ ትከፍተዋለች፥ ከመጀመሪያው፥ ከመካከሉና ከመጨረሻው አንዳንድ ትመለከታለች፤ ከዚያ በኋላ ብቻ፥ "አሁን ደምስሰው" ትላለች።